አዲስ ራውተር ከተተከለ በኋላ የኢንተርኔት ምላሽ ሲዘገይ ሊደረጉ የሚገባቸው ምርመራዎች፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ለሚገኙ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

የፓስፖርት ማመልከቻ መሙላት፣ የንግድ ፈቃድ ማሳደስ፣ ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ቅድመ ምዝገባ ማድረግ፣ የፈተና ውጤት መመልከትና ክፍያ መፈጸም ዛሬ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ሊከናወን የሚችል ሥራ ሆኗል። እነዚህ አገልግሎቶች አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ገደብ አላቸው። በስልክ የተላከ የማረጋገጫ ቁጥር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልገባ ዋጋ ያጣል፤ ለረጅም ጊዜ ምላሽ ያላገኘ ቅጽም ይዘጋና ተገልጋዩ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምር ያስገድደዋል። በመሆኑም የኢንተርኔት ምላሽ መዘግየት ከመሰላቸት አልፎ ቀጠሮ የሚያሳልፍና ለተጨማሪ ወጪ የሚዳርግ ችግር ነው።

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያቸው በሚገኙ ደጋማ አካባቢዎች አሮጌ ራውተራቸውን በአዲስ የሚተኩ ተገልጋዮች ያልጠበቁት ነገር ሊገጥማቸው ይችላል። ጥቅሉና ወርሃዊ ክፍያው አልተለወጠም፤ ሆኖም ገጾች ለመከፈት ይዘገያሉ፣ የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ጥቅል መግዛት ነው። ይሁንና መዘግየቱ የሚፈጠረው በቤት ውስጥ ከሆነ ከፍ ያለ ጥቅል ችግሩን አይፈታውም። የዚህ ማብራሪያ ዓላማ ተገልጋዩ ተጨማሪ ክፍያ ከመፈጸሙ ወይም አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት መዘግየቱ የት ቦታ እንደሚፈጠር ለክቶ እንዲለይ ማስቻል ነው። ቦታው ሲታወቅ መፍትሔውም፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ግልጽ ይሆናል።

የመስመር ፍጥነትና የምላሽ መዘግየት ልዩነት

በውል ላይ «10 ሜጋ ቢት በሰከንድ» ተብሎ የሚጻፈው መስመሩ በአንድ ሰከንድ ሊያሳልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ነው። የምላሽ መዘግየት የሚባለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ከተገልጋዩ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ተነሥቶ ወደ ሩቅ ኮምፒዩተር ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ልዩነቱን በወፍጮ ቤት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ወፍጮው በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ የሚያሳየው ቁጥር የመስመሩን ፍጥነት ይመስላል። እህል ይዞ የመጣ ሰው ዱቄቱን ይዞ እስኪወጣ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ የምላሽ መዘግየት ነው። ወፍጮው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን አሥር ኩንታል ያስጫነ ነጋዴ ቀድሞ ከገባ አንድ ቁና ጤፍ የያዘ ሰው ወረፋ መጠበቁ አይቀርም። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ረጅም ከሆነም የወፍጮው ብርታት መንገዱን አያሳጥረውም።

አንድ ድረ ገጽ በሚከፈትበት ጊዜ ስልኩና ሩቁ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። ለምሳሌ አንድ ቅጽ ተሟልቶ ለመታየት 20 ተከታታይ ምልልስ ቢያስፈልገውና እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ገጹ በ1 ሰከንድ ይከፈታል። እያንዳንዱ ምልልስ 400 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ግን ያው ገጽ 8 ሰከንድ ይወስዳል። ፍጥነቱ በውሉ መሠረት የተሟላ ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መዘግየት የሚፈጠርባቸው ሦስት ክፍሎች

አንድ ጥያቄ ከቤት ተነሥቶ እስኪመለስ የሚያልፍበትን መንገድ በሦስት ክፍሎች መመደብ ይቻላል።

1. ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር እስከ ራውተር ያለው የቤት ውስጥ ክፍል። ይህ በተገልጋዩ ቁጥጥር ሥር ነው።
2. ከራውተር እስከ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት መሣሪያ ያለው የመስመር ክፍል። ይህ የፋይበር፣ የመዳብ ወይም የሞባይል ኔትወርክ መስመር ሲሆን በዋናነት የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት ነው።
3. ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ተፈላጊው ድረ ገጽ ያለው የሩቅ ክፍል። ይህ በርቀትና በድረ ገጹ ባለቤት አቅም ይወሰናል።

የተለወጠው ራውተሩ ብቻ ከሆነ ምርመራው ከመጀመሪያው ክፍል መጀመር ይኖርበታል። መስመሩ ትናንት ያለ ችግር ያገለግል ከነበረ ዛሬ የተፈጠረው መዘግየት ከአዲሱ መሣሪያ አቀማመጥ ወይም ቅንብር ጋር የተያያዘ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

መዘግየቱን መለካት

ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ሲ፣ ኤም፣ ዲ» የሚሉትን የላቲን ፊደላት በመጻፍ የትእዛዝ መስኮቱን መክፈት ይቻላል። ከዚያም ፒንግ የተባለው ትእዛዝ፣ ማለትም «ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ»፣ ተጽፎ አንድ ክፍት ቦታ ከተተወ በኋላ የሚለካው አድራሻ ይገባል። ስልክ ብቻ ያላቸው ተገልጋዮች ይህንኑ የሚሠሩ ነጻ መተግበሪያዎችን ከስልካቸው የመተግበሪያ መደብር ማግኘት ይችላሉ።

ልኬቱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን ይመረጣል።

የመጀመሪያው ልኬት የሚደረገው ወደ ራውተሩ ነው። የራውተሩ አድራሻ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ በኬብል ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ከሆነ ውጤቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። በዋይፋይ ሲሆን ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በብዙ አሥሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ፣ ወይም አንዴ 3 አንዴ 180 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ችግሩ ያለው በቤት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ልኬት የሚደረገው ወደ አገልግሎት ሰጪው የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። ለዚህም «ቲ፣ አር፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ» የሚለው ትእዛዝና 8.8.8.8 የሚለው አድራሻ ይጻፋሉ። ኮምፒዩተሩ ጥያቄው ያለፈባቸውን መሣሪያዎች በተርታ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው መስመር የቤቱ ራውተር ሲሆን ሁለተኛው በአብዛኛው የአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ነው። በዝርዝሩ መካከል የኮከብ ምልክት ቢታይ መሣሪያው መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ልኬት ወደ ሩቅ አድራሻ የሚደረግ ፒንግ ነው። እያንዳንዱ ልኬት በሁለት ሁኔታዎች ይወሰዳል፤ አንደኛው በቤቱ ውስጥ ሌላ ማንም ኢንተርኔት በማይጠቀምበት ጊዜ፣ ሁለተኛው ቪዲዮ በሚታይበት ወይም ፎቶግራፍ በሚላክበት ጊዜ ነው። በተጨማሪም ማለዳ 12 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ መለካት ተጠቃሚ በሚበዛበትና በሚያንስበት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። ውጤቶቹን ከቀንና ከሰዓት ጋር በወረቀት መዝግቦ መያዝ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ይጠቅማል።

በቤት ውስጥ የሚፈጠር መዘግየት

በጎንደርና በአካባቢው ያለው የቤት አሠራር በዋይፋይ ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድን በእጅጉ ያዳክማሉ። የቆርቆሮ ክዳንና የቆርቆሮ በር ደግሞ ሞገዱን እየመለሱ አያሳልፉትም። በአንድ ግቢ ውስጥ ራውተሩ በዋናው ቤት ሆኖ ተጠቃሚው በጓሮ ባለው ክፍል የሚቀመጥ ከሆነ መረጃው እየጠፋ በተደጋጋሚ ይላካል። ይህ ድግግሞሽ ነው በስልኩ ላይ እንደ መዘግየት የሚታየው።

አዳዲስ ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራሉ። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ሆኖም ብዙ የጎረቤት ራውተሮች ስለሚጠቀሙበት ይጨናነቃል። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ፈጣንና ብዙም ያልተጨናነቀ ነው፤ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይዳከማል። አሮጌው ራውተር በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ይሠራ ከነበረና አዲሱ ሁለቱን በአንድ ስም የሚያሠራጭ ከሆነ በሩቅ ክፍል ያለ ስልክ ከደካማው የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ሞገዶች በተለያየ ስም ለይቶ ራውተሩ ባለበት ክፍል 5 ጊጋ ኸርዝን፣ በሌሎች ክፍሎች 2.4 ጊጋ ኸርዝን መጠቀም ይመከራል።

ለቤት ውስጥ ችግር የሚከተሉት እርምጃዎች ይወሰዳሉ።

1. ራውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ በቤቱ መካከለኛ ቦታ ማስቀመጥ፤ ከቁም ሣጥን፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣና ከማይክሮዌቭ ማራቅ።
2. አሮጌው ራውተር አሁንም በርቶ ዋይፋይ የሚያሠራጭ ከሆነ ማጥፋት። ሁለት ራውተሮች በአንድ ቻናል ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ሞገድ ይረብሻል።
3. በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 አንዱን መምረጥ። እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።
4. የራውተሩን የዋይፋይ የይለፍ ቃል መለወጥ። በፋብሪካ የተሰጠው የይለፍ ቃል ሳይለወጥ ከቆየ ሌሎች ሰዎች ያለፈቃድ መስመሩን ሊጋሩት ይችላሉ።
5. ቋሚ ቦታ ላላቸው ኮምፒዩተሮች የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት። ለጓሮ ቤትም ቢሆን ኬብል ስቦ በዚያ ሌላ ማሠራጫ መትከል ምልክት ብቻ እየተቀበለ ከሚያስተላልፍ ማጉያ ይሻላል፤ ማጉያው እያንዳንዱን መልእክት ተቀብሎ ዳግም ስለሚልክ መዘግየት ይጨምራል።

ከእነዚህ እርምጃዎች በኋላ ወደ ራውተሩ የተደረገው ልኬት ዝቅ ብሎ ከተረጋጋ የመጀመሪያው ክፍል ጤናማ ነው። መዘግየቱ አሁንም ካለ ምርመራው ወደ ራውተሩ ቅንብር ይቀጥላል።

በራውተሩ ቅንብር የሚፈጠር መዘግየት

ማሳሰቢያ፦ የአሮጌው ራውተር ቅንብር ወደ አዲሱ በራሱ አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ማንኛውንም ቅንብር ከመለወጥ ወይም «ሪሴት» የተባለውን ቁልፍ ከመጫን በፊት አገልግሎት ሰጪው የሰጠውን የመስመር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ መረጃ ሳይኖር ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል።

በቅንብር ረገድ በተለይ አራት ነገሮች መታየት አለባቸው።

አንደኛው የራውተሮች መደራረብ ነው። የአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ራሱ ራውተር ሆኖ ሳለ በገበያ የተገዛው ራውተር ከኋላው ሲሰካ ሁለት ራውተሮች በተከታታይ ይሠራሉ። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከላይ የተገለጸውን ዝርዝር መመልከት ነው፤ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም መስመር በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ራውተሮቹ ተደራርበዋል። መደራረቡ በራሱ የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ቢሆንም የድምፅና የቪዲዮ ጥሪዎችን ያሰናክላል። መፍትሔው አዲሱን መሣሪያ ማሠራጫ ብቻ ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ፣ ወይም የፊተኛው መሣሪያ እንደ ድልድይ ብቻ እንዲያገለግል አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው የመልእክት መጠን ነው። ፒፒፒኦኢ በተባለው ዘዴ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ መስመር ከእያንዳንዱ የ1500 ባይት መልእክት 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ኤምቲዩ የተባለው መጠን 1492 መሆን አለበት። 1500 ተብሎ ከተቀመጠ አንዳንድ ገጾች በቀላሉ ሲከፈቱ ሌሎች ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

ሦስተኛው የስም መፍቻ አድራሻ ወይም ዲኤንኤስ ነው። ወደ 8.8.8.8 የተደረገው ፒንግ ጤናማ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ድረ ገጽ መከፈት እስኪጀምር ለብዙ ሰከንዶች የሚቆም ከሆነ ራውተሩ ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉምለትን ኮምፒዩተር በትክክል እያገኘ አይደለም። ቅንብሩን ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው በራውተሩ ውስጥ የሚፈጠር ወረፋ ነው። አንድ የቤተሰብ አባል ረጅም ቪዲዮ ሲልክ ወይም ስልኮች ፎቶግራፎችን በራሳቸው ወደ ማከማቻ ሲያስተላልፉ ራውተሩ መልእክቶቹን ያከማቻል። የሌላው ሰው አጭር ጥያቄ ከኋላቸው ይሰለፋል፤ አንድ ቁና ጤፍ ከአሥር ኩንታል ኋላ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሌላ ተጠቃሚ በሌለበት 30 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ልኬት ፋይል በሚላክበት ጊዜ ወደ 300 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ራውተሩ የአገልግሎት ቅድሚያ መስጫ ካለው የመላኪያውን መጠን ከመስመሩ ትክክለኛ አቅም ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ መገደብ ወረፋውን ያስቀራል። ይህ ቅንብር ከሌለው ደግሞ ከባድ ጭነቶችን ወደ ሌሊት ማዛወርና ቅጽ በሚሞላበት ሰዓት የፎቶግራፍ ማስተላለፊያውን ማጥፋት ይቻላል። ሰፊ ጥቅል ቢገዛም ያልተገደበ ጭነት እስካለ ድረስ ወረፋው ተመልሶ ሊፈጠር ይችላል።

በመስመሩ ዓይነት የሚወሰን መዘግየት

የመጀመሪያው ልኬት ጤናማ ሆኖ ሁለተኛው ከፍ ካለ ትኩረቱ ወደ መስመሩ ይዞራል።

የፋይበር መስመር ባለበት ቤት በመሣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ጠቃሚ መረጃ ይሰጣሉ። «ሎስ» የተባለው መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ የብርሃን ምልክቱ ወደ መሣሪያው እየደረሰ አይደለም። ራውተሩ በሚተካበት ጊዜ ቀጭኑ የፋይበር ገመድ ከተጠመዘዘ ወይም በቤት ዕቃ ሥር ከተጨፈለቀ ምልክቱ ይዳከማል። ገመዱ በሰፊው እንዲታጠፍ መደረግ አለበት። የፋይበሩን ጫፍ ነቅሎ በዓይን መመልከት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ብርሃኑ የማይታይ ቢሆንም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

በመዳብ የስልክ መስመር ለሚጠቀሙ ደንበኞች የድምፅና የኢንተርኔት ምልክትን የሚለየው ትንሽ ማጣሪያ አዲሱ ራውተር ሲገባ ተዘንግቶ እንዳይቀር መፈተሽ ያስፈልጋል። በክረምት ወራት እርጥበት ወደ ገመድ መጋጠሚያዎች ሲገባ በመስመሩ ላይ ጩኸት ይፈጠራል። መሣሪያዎቹ ስህተቱን ለማረም መረጃውን ከፋፍለውና አዘግይተው ስለሚያስተላልፉ የምላሽ ጊዜው ይረዝማል። በመደበኛው ስልክ ውስጥ የሚሰማ የማያቋርጥ የጩኸት ድምፅ የመስመሩን ችግር ያመለክታል፤ ይህን የሚጠግነው አገልግሎት ሰጪው ነው።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ለሚጠቀሙ የደጋው አካባቢ ነዋሪዎች የመሬቱ አቀማመጥ ወሳኝ ነው። የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን የምትርቀው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከልና ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ባለው አካባቢ ገደልና ሸንተረር ይበዛል። የሞባይል ምልክት ኮረብታን ሰንጥቆ ስለማያልፍ ከማማው አንጻር በተራራ የተሸፈነ ቤት ደካማ ምልክት ያገኛል። ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፣ መሣሪያው የውጭ አንቴና መሰኪያ ካለውም አንቴናውን ከቆርቆሮው ክዳን በላይ መትከል ይረዳል። የማለዳው ልኬት ጥሩ ሆኖ የምሽቱ ብቻ ከተበላሸ ግን ምክንያቱ ማማውን የሚጋሩ ተጠቃሚዎች መብዛት ስለሆነ የራውተሩ ቦታ መለወጥ ብዙም አይጠቅምም።

ከውጭ አገር የመጡ መሣሪያዎችና የኤሌክትሪክ ኃይል

ብዙ ቤተሰቦች በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻቸው የላኩላቸውን ራውተር ይጠቀማሉ። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች አስቀድመው መረጋገጥ አለባቸው። በመጀመሪያ፣ በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ በኃይል ማስተላለፊያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለ መሰካት የለበትም። ሁለተኛ፣ በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተር በኢትዮጵያ አገልግሎት ላይ የዋሉትን የሞገድ ክልሎች የማይቀበል ከሆነ ወደ ዝቅተኛ የኔትወርክ ትውልድ ወርዶ ይሠራል፤ ይህም መዘግየቱን በእጅጉ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ በውጭ አገር ኩባንያ ሲም ካርድ ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሲም ካርድ አይሠራም።

የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅም መታየት አለበት። የእንጀራ ምጣድ ሲበራ ቮልቴጁ በሚወርድበት ቤት ራውተሩ ሳይታወቅ ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። ዳግም ለመገናኘት የሚወስደው ጊዜ ለተጠቃሚው እንደ መዘግየት ይታየዋል። ራውተሩን ከምጣዱ በተለየ መስመር ላይ መሰካት ወይም በባትሪ የሚደገፍ መጠባበቂያ መጠቀም ይህን ያስወግዳል። በደጋው የክረምት ነጎድጓድ ወቅት ደግሞ የኃይል መሰኪያውንም የመዳብ የስልክ መስመሩንም መንቀል መሣሪያውን ከመቃጠል ያድናል።

ከርቀት የሚመጣና ሊወገድ የማይችል መዘግየት

ሁለቱም የመጀመሪያ ልኬቶች ጤናማ ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከፍ ካለ ምክንያቱ ርቀት ወይም የድረ ገጹ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልስ ለብርሃኑ ጉዞ ብቻ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ካለ ዘመድ ጋር በሚደረግ ጥሪ ደግሞ ምልክቱ በየብስና በባሕር ሥር ገመድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ መሆኑ የማይቀር ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም የድምፅ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚህ በታች ያለ መዘግየት ብዙም አይሰማም።

ርቀት ከፍጥነት የተለየ ነገር መሆኑን የአገራችን ልምድም ያሳያል። በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን ያገናኘው ወረዳኔት በሳተላይት ይሠራ ነበር። በምድር ወገብ አናት ላይ ያሉት የመገናኛ ሳተላይቶች በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ጥያቄና መልስ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የመስመሩ አቅም ምንም ያህል ቢጨምር ይህ ጊዜ አይቀንስም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት የሚታየው መጓተት ሌላው ምሳሌ ነው። በዚያ ሰዓት እጅግ ብዙ ተማሪዎች አንድን አድራሻ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቁ ወረፋው የሚፈጠረው በድረ ገጹ ኮምፒዩተር ዘንድ ነው። ሌሎች ገጾች በቶሎ እየተከፈቱ አንዱ ብቻ ከዘገየ ራውተሩን መነካካት አያስፈልግም፤ ጥቂት ቆይቶ ወይም ማታ ዘግይቶ መሞከር ይበቃል።

ወደ አገልግሎት ሰጪው አቤቱታ ማቅረብ

ልኬቱ ችግሩ በመስመሩ ላይ መሆኑን ካመለከተ ተገልጋዩ ወደ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ማመልከት ይኖርበታል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 የጥሪ ማዕከል ወይም በአቅራቢያቸው ባለው የአገልግሎት ማዕከል፣ የሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኞች ደግሞ በውላቸው ላይ በተገለጸው አድራሻ መጠቀም ይችላሉ። ጉዳዩ በፍጥነት እንዲታይ የሚከተሉት ቢዘጋጁ ይጠቅማል።

1. የአገልግሎት ቁጥር ወይም የውል ቁጥር፤
2. የመስመሩ ዓይነትና የተገዛው ጥቅል፤
3. ራውተሩ የተለወጠበት ቀንና የአዲሱ መሣሪያ ሞዴል፤
4. ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በማለዳና በምሽት የተወሰዱ ልኬቶች፤
5. ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ልኬት ዋይፋይ ሳይሆን ኬብል ተጠቅሞ የተወሰደ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። በዋይፋይ ብቻ የተለካ መዘግየት ከቤት ውስጥ ችግር ሊለይ ስለማይችል ባለሙያው ልኬቱን እንደገና እንዲጀምር ያደርጋል። በኬብል የተወሰደ ልኬት ግን ጥያቄውን በቀጥታ ወደ መስመሩ ያመጣዋል። አቤቱታው ሲመዘገብ የሚሰጠውን የመከታተያ ቁጥርና ቀኑን መያዝ ያስፈልጋል። አሮጌው ራውተር ካልተጣለ ለጥቂት ጊዜ መልሶ ሰክቶ መለካትም ጠቃሚ ነው፤ በአሮጌው መዘግየቱ ከጠፋ ምክንያቱ አዲሱ መሣሪያ ነው፤ በሁለቱም ከቀጠለ ምክንያቱ መስመሩ ነው።

በአገልግሎት ሰጪው ምላሽ ያልረካ ደንበኛ ጉዳዩን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል። ባለሥልጣኑ የአገልግሎት ጥራትንና የደንበኞችን መብት የመከታተል ኃላፊነት ያለበት ሲሆን አቤቱታ ከመቀበሉ በፊት ጉዳዩ በቅድሚያ ለአገልግሎት ሰጪው የቀረበ መሆኑን ይመለከታል። ስለዚህ የመከታተያ ቁጥሩና የልኬት መዝገቡ በዚህ ደረጃም ዋና ማስረጃዎች ይሆናሉ።

ለማጠቃለል፣ የምርመራው ቅደም ተከተል ወደ ራውተሩ መለካት፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው መለካት፣ ወደ ሩቅ አድራሻ መለካት ነው። መዘግየቱ በመጀመሪያው ከታየ የራውተሩን ቦታና የዋይፋይ ሞገዱን፣ በቤት ውስጥ ጭነት ባለበት ጊዜ ብቻ ከታየ ወረፋውን ማስተካከል ይገባል። በሁለተኛው ከታየ አቤቱታ ይቀርባል፤ በሦስተኛው ብቻ ከታየ ሰዓት መርጦ መሞከር ይሻላል። ከፍ ያለ ጥቅል የመግዛት ውሳኔም እነዚህ ልኬቶች ተወስደው መስመሩ ለቤተሰቡ ፍላጎት በእርግጥ መጥበቡ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ እርምጃ ነው።